ምትሃተኛን በአንድ ምሽት ማክሸፊያ ዘዴ

እንግዲህ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የምናብ ጨዋታ ዳኛ ሆነዋል፤ እንኳን ደስ አለዎ። ጠረጴዛው ላይ ባለ 20 ፊቱ ዳይስ፣ እርሳስና ወረቀት ተዘርግቷል። ከተጫዋቾችዎ አንዷ ግን "እኔ ምትሃተኛ ነኝ" ብላ ቁጭ ብላለች። አይደንግጡ። ምክሬን ከተከተሉ እስከ እራት ሰዓት ተስፋ ቆርጣ ሰይፍ ታነሳለች።

ከሁሉ በፊት በጨዋታው ዋሻ ውስጥ ያሉትን ጎብሊን የተባሉ ጭራቆች በሙሉ ሐዋርያው ቶማስ ያድርጓቸው። ጣቱን ሳይሰድ የሚያምን አንድም እንዳይገኝ። ልጅቷ ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ በምትሃት የእንጨት ሳጥን ሠርታ ከኋላው አድፍጣለች እንበል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ ይህ ከምትሃቶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ በየትኛውም ጎኑ ከ5 ጫማ አይበልጥም፣ ለ1 ደቂቃ ይቆያል፣ የነካው ሰው እጁ ያልፍበታል። ጎብሊኑ ይመጣል። ዕድሜ ልኩን ሳጥን አይቶ ምንም መስሎት የማያውቅ ጎብሊን፣ ዛሬ ጀርባውን ይበላዋል። ሊታከክ ሳጥኑን ይደገፋል፤ ዘጭ! ተነቃባት። እርስዎም ፊትዎን አጥቁረው "ምን ይደረግ፣ ደንብ ነው" ይበሉ።

ከተከራከረችዎ የጥንቱን ዘመን ይጥቀሱባት። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን ያወጡት በ1974 ነው፤ የቀድሞ ሰው ቀልድ አያውቅም ይበሏት። የ1978ቱን የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን እንዳትገልጥብዎ። እዚያ ውስጥ ሹል ነገር በተተከለበት የምትሃት ጉድጓድ የወደቀ ሰው፣ ካመነበት የእውነት ይጎዳል። ይባስ ብሎ ጠላት ምትሃቱን ሲመታው ባለቤቱ እንደተመታ አድርጎ ካስመሰለው ቶሎ አይጠፋም። ለእርስዎ ዓላማ የሚጠቅም ገጽ አይደለም።

(በነገራችን ላይ፣ እርስዎ በእርሳስ የሞነጫጨሩትን ዘንዶ አምስት ጎልማሶች ላብ እስኪያጠምቃቸው ፈርተውታል። የእሷን ሳጥን ግን አንድ ጎብሊን አላምንም አለ። እኔ ምን ቸገረኝ።)

ለልጅቷም የምነግራት አለኝ፤ ዳኛው ጆሮውን ይያዝልኝ። እመቤቴ፣ ዘንዶ አይሥሩ። ድምፅም ሽታም በሌለው ምትሃት የተሠራ ዘንዶ ግቢ መሀል ድንገት ቢገተር ማን ዝም ብሎ ያልፈዋል? ሰው የሚመረምረው እንግዳ ነገር ሲያይ ነው። ስለዚህ ጠባቂው በየቀኑ የሚያየውን ይስጡት፦ ክፍቱን በር የተዘጋ ያስመስሉት፣ የፈረሰውን ግንብ በዓይኑ ፊት ይጠግኑለት። ገደሉ ላይ ሳር ያብቅሉበት፤ ቀሪውን ለበሬው ይተዉት።

ወደ ዳኛው ልመለስና፣ አንድ ገጽ ብቻ ሳይሰስቱ እንዲያነቡ እለምናለሁ። እዚያው የ2014 መጽሐፍ ውስጥ የአንድን ፍጡር አእምሮ ብቻ የሚይዝ ምትሃት አለ። ፍጡሩ ገደል ላይ የሌለ ድልድይ ያያል፣ ይራመዳል፣ ይወድቃል። ከተረፈ "ድልድይ አልነበረም" አይልም፤ ገፍተውኝ ነው፣ አዳልጦኝ ነው፣ ነፋስ ነው ይላል። እኔ ምትሃት የምለው ይህን ነው። ምትሃተኛዋ ድልድዩን ሠራች እንጂ ሰበቡን ያዋጣው ራሱ የወደቀው ነው። ለጎብሊንዎም ይህን ያህል ሞኝነት ቢፈቅዱለት ምን ይጎድልብዎታል?

እሺ፣ መጠርጠሩ ካልቀረ በወጉ ይጠርጥር። የጀርባ ማሳከኩ ይቅርና ሳጥኑን ለመመርመር የተራውን ዋና ተግባር ይክፈል፤ ዳይሱም ይወርወር። በመጽሐፉ አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው። ልጅቷ ለመሸሽ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።