ፍሬንህን ለማን እንደምትሰጥ ለቸገረህ ባለመኪና

አረርቲ ላይ መኪና ይዘህ ፍሬንህን ለማን እንደምትሰጥ ግራ ከገባህ ይህን ምክር ተከተል። ብዙ ባለንብረት ተከትሎታል፤ በየገደሉ አፋፍ ተገልብጦ የምታየው አይሱዙ ምስክር ነው።

አንደኛ፦ አትቸኩል። ጎማው ሥር ሲያፏጭ ቴፑን ከፍ አድርገው። ሹፌሩ መጥቶ «ፔዳሉ ወርዷል» ሲልህ «ደጋግመህ ርገጠው፣ ይይዛል» በለው። ሹፌር ማማረር ልማዱ ነው። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን መፋቅ ሲጀምር ታንቡሩም አብሮ ይበላል፤ በሸራ ዋጋ የሚያልቀው ሥራ ታንቡር ይጨመርበታል። ቆጣቢ ማለት እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፦ ጋራዥ ደጃፍ ስትደርስ «ስንት?» በል፤ ሌላ አትጠይቅ። ምን እንደሚፈታ፣ ምን እንደሚቀየር ምን አገባህ? አንዱ ዋጋ ጠርቶ ጎረቤቱ በግማሹ እሠራለሁ ካለህ ወደ ጎረቤቱ ሂድ። ግማሹ ሥራ የት እንደቀረ መንገድ ላይ ታውቀዋለህ።

ሦስተኛ፦ ዘመድ ካለህ ሌላ አትፈልግ። የአክስትህ ልጅ ባጃጅ ሲፈታ ያደገ ከሆነ አይሱዙም አያቅተውም። ብር ብትሰጠው ይቀየማል፤ ጉድለቱን ብትነግረው ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይቀየማል። ስለዚህ በሠራው ፍሬን ዝም ብለህ ተሳፋሪ ጫን።

አራተኛ፦ ዘመድ ካጣህ ጎማ ሳያወልቅ የሚፈርድ መካኒክ ምረጥ። እንዲህ ያለው ባለሙያ በሩ ላይ ቆሞ ፔዳሉን አንዴ ገፋ ያደርግና «ምንም አልሆነም፣ ዘይት ብቻ ነው» ይልሃል። ክሪክ የሚያነሳውን ሰው ግን ሽሸው። እሱ ታንቡሩን አውልቆ ሸራውን ጋዜጣ ላይ ያስቀምጥልሃል፤ የቀረውን ውፍረት በጥፍሩ ጫፍ እያመለከተ «ይኸው፣ ምስማሩ ብቅ ብሏል» ይልሃል፤ ጎሚኒውን ገልጦ ዘይት ያረጠበውን ያሳይሃል። ግማሽ ቀንህን ይበላብሃል።

አምስተኛ፦ የግራው ሸራ ካለቀ የግራውን ብቻ አስቀይር። «በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ» የሚልህ ሸራ ሊሸጥብህ ነው። ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበህ መሪውን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ዕቃውን ከሶማሌ ተራ ስታስመጣም ካርቶኑ ላይ «ኦሪጅናል» መባሉ ይበቃል፤ ውስጡን አትይ።

ስድስተኛ፦ ዘይት ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከጠፋ የሞተር ዘይት ጨምር የሚልህን መካኒክ ደንበኛ አድርገው። የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ወይ ፍሬኑን ያስይዘዋል ወይ ያሳልፋል። ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ወራት ከከረመ ጣሳ የሚቀዳልህም ቢሆን ጥሩ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው። አንተ ግን መኪናውን ከገዛህ ጀምሮ ቀይረኸው አታውቅም።

ሰባተኛ፦ ፍሬኑን ሜዳ ላይ ሞክረው። በምንጃር የጤፍ ማሳ መሃል ስትነዳ የማይዝ ፍሬን የለም።

ጣርማ በር ግን ሜዳ አይደለም! ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው አናት ተነስተህ በደብረ ሲና አድርገህ ሸዋ ሮቢት እስክትደርስ ቁልቁለት ነው። እስከ አፉ እህል የጫነ መኪና እዚያ ላይ ፍሬን ሲያበዛ ታንቡሩ ይግላል፤ ውሃ የጠጣው ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ይታመቅና ፔዳሉ ወለል ድረስ ባዶውን ይወርዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ በፍሪ ውረድ ብለህ ያዘዝከው ሹፌር የሚይዘው ማርሽ እንኳ የለውም። ከዚያ በኋላ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ማን በጠሰው? አንተ ነህ የበጠስከው፣ ጋራዥ ደጃፍ «ስንት?» ባልክ ጊዜ! ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ልትጠመቅ በመኪናህ የተሳፈረችው እናት ስለ ቁጠባህ የምታውቀው ነገር የለም። ሂሳቡን የምትከፍለው ግን እሷ ናት።

ወደ ምክሬ ልመለስ። ስምንተኛ፦ ለቦሎ ምርመራ ሰሞን ብቻ አሠራ። ዘጠነኛ፦ ደረሰኝ አትቀበል፤ ነገ ተመልሰህ የምትጠይቀው ሰው እንዳይኖር።

አሁን ፌዙ ይብቃ። አረርቲም ሁን ደብረ ብርሃን፣ ጎማውን አውልቆ የሚያሳይህን፣ ሁለቱንም ጎን የሚቀይርልህን፣ የታሸገ ዘይት ፊትህ የሚከፍተውን፣ የፍሬኑን አየር በየጎማው በኩል በትዕግሥት የሚያስወጣውን መካኒክ ፈልግ፤ የጠየቀህንም ክፈለው። ሥራውን ሲጨርስ ጎንህ ተቀምጦ አብሮህ ይሞክረው በለው። በገዛ እጁ በሠራው ፍሬን ካልተሳፈረ፣ አንተም ሰው አታሳፍርበት።