ሰባት ቤት የሚቆጥር ደጋፊ

ሲልቨር ስፕሪንግ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ባልደረባ አለኝ። የእንግሊዝ ክለብ መደገፍ እፈልጋለሁ ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። ይደግፋ! ማን ከለከለው? «ታሪካዊ ክለብ ነው የምፈልገው» ይላል። ማይክሮዌቩ ጋ ቆሜ ምስር ወጤን ሳሞቅ ላፕቶፑን አፍንጫዬ ሥር ይደቅናል። ኤክሴል ነው። ክለቡ የተመሠረተበት ዓመት፣ የዋንጫ ብዛት፣ የስታዲየሙ ዕድሜ፣ የባለቤቱ ዜግነት። ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ተቀብቷል። ልጃቸውን ለመዳር ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ወላጆች እንኳ እንዲህ አይመረምሩም።

እኛ እንዲህ ነው ክለብ የያዝነው? ታላቅ ወንድማችን አርሰናል ነበር፣ አርሰናል ሆንን። ወይም ታላቅ ወንድማችን ስለሚኮረኩመን ማንቸስተር ሆንን። በቃ። ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስንጮህ ክለቡ መቼ ተመሠረተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቅም መልሱ «ቁጭ በል፣ አትጋርደን!» ነበር።

መለኪያው ዕድሜ ብቻ ቢሆን ነገሩ ባንድ ምሳ ባለቀ። በዓለም ላይ አንጋፋው የእግር ኳስ ክለብ ሼፊልድ ኤፍሲ ነው፤ 1857 ተመሠረተ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ሰውየው ሌላ አቆጣጠር አያውቅም።) ግን ታች ሊግ ስለሚጫወት ቴሌቪዥን ላይ አይገኝም፤ ቀይ። ከፕሮፌሽናሎቹ አንጋፋው ኖትስ ካውንቲ ነው፣ 1862። እሱ ደግሞ በ2019 ከፉትቦል ሊጉ ወጥቶ በ2023 ነው የተመለሰው። «እንደገና ቢወርድብኝስ?» አለኝ።

ኖትስ ካውንቲ ከተነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የጣሊያኑ ጁቬንቱስ ድሮ የሚለብሰው ሮዝ ማልያ ነበር። ማልያው በእጥበት ብዛት ሲለቅ፣ በ1903 መሀላቸው የነበረ እንግሊዛዊ ኖቲንግሃም ላለ ወዳጁ አዲስ ላክልን አለው። ወዳጅየው የኖትስ ካውንቲ ሰው ነበርና ጥቁርና ነጭ ላከ። ይኸው እስከ ዛሬ ይለብሱታል። ከኖትስ ካውንቲ ስታዲየም የትሬንትን ወንዝ ሲሻገሩ ደግሞ ኖቲንግሃም ፎረስት አለ፣ 1865። በ1886 ለንደን ዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ሲያቋቁሙ ከፎረስት የመጡ ተጫዋቾች አብረዋቸው ነበሩ፤ ለድሮ ክለባቸው ጻፉና ፎረስት ቀይ ማልያና ኳስ ላከላቸው። የፋብሪካው ቡድን አርሰናል ነው። መርካቶ ተከራክረን የገዛነው፣ ለብሰነው የተፈነከትንለት ቀይ፣ የኖቲንግሃም ሰዎች የሰጡት ልብስ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስተርክለት ሰውየው አልሳቀም። ኤክሴሉ ላይ «የማልያው ምንጭ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመረ።

ታዲያ ፎረስትን ለምን አይዝም? ዕድሜው ደህና፣ ባለቤቱ ግሪካዊ፣ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ዋንጫ ወስዷል። «ሁለት ዋንጫ? ዋንጫ አይቶ መጣ ይሉኛል!»

ከዓምዶቹ ሁሉ ያስቸገረችው የባለቤት ዜግነት ናት። ሰውየው ከአሜሪካ ባለሀብት መሸሽ ይፈልጋል። ማንቸስተር ዩናይትድን በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ገዛው። ሊቨርፑል፣ 2010፣ የቦስተን ሰዎች። አርሰናል፣ ክሮንኪ። ቼልሲ፣ ሊድስ፣ ኤቨርተን፣ ዌስት ብሮም፤ ቀይ በቀይ። ዌልስ ያለውን ሬክሰምን እንኳ ሁለት የሆሊውድ ተዋንያን ገዙት። አትላንቲክን ተሻግሮ የሚያገኘው የሰፈሩን ልጆች ነው።

«ቢወርድብኝስ?» ያላት ግን ከሆዴ አልወጣችም። ይውረድብሃ! ደጋፊ ሌላ ምን ሥራ አለው? በሚያዝያ 2021 መሥራቾቹ የማይወርዱበት ሱፐር ሊግ እናቋቁም ካሉት ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ሦስቱ የነዚሁ አሜሪካውያን ባለሀብቶች ነበሩ፤ የእንግሊዝ ደጋፊ በሁለት ቀን ውስጥ አደባባይ ወጥቶ አስጣላቸው። ታሪክ ከሆነ የፈለግኸው፣ በሪን እንካ። 1885 የተመሠረተ፣ የኤፍኤ ካፕን በ1900 እና በ1903 የበላ ክለብ ነው። በ1903 ፍጻሜ ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 0 አሸነፈ። ይህን ውጤት ማንቸስተር ሲቲ በ2019 እስኪደግመው ድረስ በፍጻሜ የተስተካከለው አልነበረም። በዚያው በ2019፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሪ በገንዘብ ችግር ከሊጉ ተባረረ። 134 ዓመት! ኤክሴሉ ላይ ብታስገባው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ይሆን ነበር። የታሪክ ዓምድ የተጫዋች ደመወዝ አይከፍልም ብዬ ሳላስበው ጮህኩበት።

ላፕቶፑን ከደነና ባልቲሞር ማደጉን ነገረኝ። በመጋቢት 1984፣ በረዶ በሚጥልበት ሌሊት፣ የከተማው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮልትስ ንብረቱን ጭነት መኪና ላይ ጭኖ ኢንዲያናፖሊስ ገባ። አባቱ ቡድን ይዞ ተኝቶ ያለ ቡድን ነቃ። «የእንግሊዝ ክለብ ግን ከከተማው አይሄድም» አለኝ። ዊምብልደን በ2003 ሚልተን ኪንስ መግባቱን እንዴት ልንገረው? ባልቲሞርም ብትሆን በ1996 የክሊቭላንድን ቡድን ወስዳ ነው ሬቨንስ ያለችው፤ ለዚያ የሚሆን ዓምድ ኤክሴሉ ላይ አላየሁም። ምስሬም ቀዝቅዟል።

ሰሞኑን ወደ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ አዘንብሏል። የመጀመሪያው የሊግ ሻምፒዮን ነው፤ በ1888/89 ሃያ ሁለቱንም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨርሶ ኤፍኤ ካፑንም ደርቦ ወሰደ። አርሰናል ሳይሸነፍ ሻምፒዮን የሆነው ከ115 ዓመት በኋላ ነው፣ እርግጥ እኛ 38 ጨዋታ ተጫውተን ነው። ባለቤቶቹም አሜሪካዊ አይደሉም። ፕሬስተን ከዋናው ሊግ የወረደው በ1961 ነው፤ እስካሁን አልተመለሰም።