ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣ ባሕር ዳር



የዚህ አገር ጉድ አያልቅም። ኪራይ የምንከፍልበትን ቤት ዘግተን፣ ሌላ ገንዘብ ከፍለን ድንኳን ውስጥ አደርን። ሰርግ የለ፣ ለቅሶ የለ! ቦታው እዚሁ ሚኒሶታ፣ በፈረንጅ 1891 የተከለለው ኢታስካ ፓርክ ነው። ያ ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ፓርኩ ውስጥ ካለው ሐይቅ ይነሣል፤ ሰዉ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ይሻገረዋል። የግሽ ዓባይ ቢጤ ነው፣ ጸበል ብቻ ይጎድለዋል።

ሌሊት ከሐይቁ መሐል ረጅም ዋይታ ተሰማ፤ ቀጥሎ የእብድ ሳቅ። ባለቤቴ «በስመ አብ» ብላ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ወሰደችው። ሲነጋ ጎረቤታችን የሰፈሩ ባልቴት፣ አቅርቦ ማሳያ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡና «እሱማ ሉን ነው» አሉን። ሉን በፈረንጅ 1961 በሕግ የሚኒሶታ ወፍ ተብሎ ተሹሟል። ለካ ስናማትብ ያደርነው በባለሥልጣን ላይ ኖሯል!

ከዚያማ ትምህርት ተጀመረ። ለቀለሙ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ አቀማመጡን እዩ አሉን። ዳክዬ እንደ ቡሽ ትንሳፈፋለች፤ ሉን ግን የአብዛኛው ወፍ አጥንት ባዶ ሲሆን የሱ ጠጣር ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ምንቃሩ ሹል፣ ዓይኑ ቀይ ነው። እግሩ ወደ ኋላ ተተክሎ የብስ ላይ መራመድ ይቸግረዋል፤ ለመብረርም ውሃው ላይ ብዙ መሮጥ አለበት። ጫጩቶቹን ወንዱም ሴቷም በጀርባቸው ያዝላሉ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ ወደ እኔ ስትዞር፣ እኔ ወደ ሸምበቆው ዞርኩ።

እዚያ የቆመው ረጅም ግራጫ ወፍ የሳቢሳ ዘመድ ነው፤ ሲበር አንገቱን ያጥፋል፣ ዝይ ግን ይዘረጋል። ግንድ ላይ ክንፉን የሚያሰጣው ጥቁሩ ኮርሞራንት ነው፤ ላባው ውሃ ስለሚጠጣ ሳያደርቅ አይሆንለትም። የጣና ሐይቁ ኮርሞራንትም የሱ ዘመድ ነው።

ባልቴቷ «የእናንተ ሐይቅስ ምን ምን አለው?» ሲሉኝ፣ ከፔሊካን ጀምሬ ጥቂት ቆጠርኩና «የቀረውን አጎቴ ይጽፋሉ» ብያለሁ። እባክዎ ጋሼ፣ የታንኳ ቀዛፊዎቹን ጠይቀው ዝርዝሩን ይላኩልኝ፤ አቀማመጥና ምንቃር እንዳይረሳ። አቅርቦ ማሳያ መነጽርም ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።