ስለ ክር ውፍረትና ስለ መሥሪያው የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሞዓ ጥጥ ዘእምነገደ ባዘቶ፣ እንዝርት ቀዳማዊ፣ ንጉሠ ፈትል ዘጋይንት ወስማዳ ወእስቴ፣ ከጉና ጫፍ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ ክር ለያዘ እጅ ሁሉ ይህን ብለናል።

ሹራብና ዳንቴል የጀመረ ሁሉ ሦስት ረድፍ ሳይሞላ ክሩን ከነኪሮሹ ሣጥን ውስጥ ወርውሮ «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ማለት ስላበዛ፤ ክሱን መርምረን እጅን በነጻ ስላሰናበትን፤ ጥፋቱም ክርና መሥሪያ ሳይተያዩ መጋባታቸው ሆኖ ስለተገኘ፤ የሚከተለው ታውጇል። መሥሪያ ለክር ይገዛል፤ ክር ለመሥሪያ አይገዛም። ጀማሪ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ልሙጥና ነጣ ያለ ክር ይያዝ፤ ለሹራብ 5፣ ለኪሮሽ 5.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው መሥሪያ ይጀምር። ለጀማሪ ቀጭን የዳንቴል ክር አስይዞ «በርቺ» ማለት ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል።

ይህን ያዘዝነው በዙፋን ትዕቢት አይደለም፤ ማስረጃው በግዛታችን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። ለነጠላ የሚሆነውን ቀጭን ፈትል በከባድ እንዝርት ልፍተል የምትል ሴት ክሩ በወጉ ሳይከር ይበጠስባታል፤ ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር በቀላል እንዝርት ብትሞክር ደግሞ እንዝርቱ ገና ዞሮ ሳይጠግብ ይቆምባታል። ስለዚህ ፈታይ ሁሉ ምን እንደምትፈትል ሳታውቅ እንዝርት አታነሣም። በኪሮሽና በሹራብም ነገሩ ያው ነው። የቀለበቱን ስፋት የሚወስነው የመሥሪያው ውፍረት ነው፤ ቀለበቱን የሚሞላው ግን ክሩ ነው። መሥሪያው ከክሩ በላይ ሲወፍር ሥራው ወንፊት ይሆናል። ሲቀጥን ደግሞ ቀለበቱ ይታነቅና መሥሪያው መግቢያ ያጣል፤ በግድ ሲገባም ጫፉ ክሩን ይሰነጥቀዋል። የብስክሌት ራጂ አሹሎ ሹራብ ለመሥራት የሚነሣ ዜጋ ቢኖር ብልሃቱን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ራጂ 2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ለቀጭን የካልሲ ክር እንጂ ለወፍራሙ አይሆንም።

የአሜሪካ ክር አምራቾች ክርን ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ ከፍለውታል፤ መካከለኛው ቁጥር 4 ነው። በዚህ ክር የተሠራ ሹራብ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ከ16 እስከ 20 ቀለበት ይይዛል፤ ዓይን አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል፣ የተዘለለውም ወዲያው ይጋለጣል። ጀማሪን የሚያስተምረው ስሕተቱን ማየቱ ነው። በዳንቴል ክር ላይ ግን ስሕተቱ የሚታየው አሥር ረድፍ ካለፈ በኋላ፣ ጠርዙ ሲጣመም ነው። የጥቁር በግ ጠጉር ወዳጆችም ቅር አይበላችሁ። ባናው አምሮበታል፤ ነገር ግን በኩራዝ ብርሃን ጥቁር ቀለበት ፈልጎ ያገኘ ጀማሪ ካለ ይቅረብና እንሸልመዋለን።

ስለ ቁጥር ልዩ ቁጣ አለን። ቁጥር 8 የተባለ የሹራብ መሥሪያ በአሜሪካ አቆጣጠር 5 ሚሊሜትር፣ በቀድሞው የእንግሊዝ አቆጣጠር 4 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካኖቹ ቁጥሩ ሲጨምር መሥሪያውን ያወፍሩታል፤ እንግሊዞቹ ያቀጥኑት ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ከበሽሎ ማዶ መቅደላ ድረስ መጥቶ ይህን ሳናስታርቅ መመለሱ እስካሁን ይቆጨናል። የዳንቴል ክርና የብረት ኪሮሽም ቁጥራቸው በበዛ መጠን ይቀጥናሉ። ስለዚህ በግዛታችን ከሚሊሜትር በቀር ሌላ ቁጥር አይነገርም። ወረቀት የሌለው ክር ከነፋስ መውጫም ሆነ ከአርብ ገበያ የገዛ ሰው ክሩን ሳይወጥር፣ ሳያደራርብ ማስመሪያ ላይ ጎን ለጎን ይጠምጥመው። በ2.5 ሳንቲሜትር ውስጥ 10 ዙር ገደማ ከያዘ መካከለኛ ነው፤ ከ20 ካለፈ ወደ ዳንቴሉ ወገን ነው፤ ከ7 ካነሰ እጅግ ወፍራም ነው።

አቤቱታዎችም ደርሰውናል። አንደኛው «እናቶቻችን በቀጭኑ ዳንቴል ጀምረው የሶፋውን፣ የጠረጴዛውን፣ የቴሌቪዥኑን ልብስ አልሠሩም ወይ?» ይላል። ሠርተዋል፤ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ድረስ ሠርተዋል። ነገር ግን ኪሮሽ ከመያዛቸው በፊት ብዙዎቹ እኛን ይዘው አድገዋል። ክር በጣት መካከል ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚላላና እንደሚጠብቅ ጥጥ ሲፈትሉ ተምረውታል። የዛሬው ጀማሪ ክርን የሚያውቀው ከሱቅ ነው፤ ያ ትምህርት ስለሌለው በመካከለኛው ክር ይማረዋል። ሁለተኛው አቤቱታ «ወፍራም ክር ገንዘብ ይፈጃል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለእኩል ስፋት ወፍራሙ በሚዛን ይበዛል። ፍርዳችን ግን ክሩን ሳይሆን ሥራውን የሚያሳንስ ነው፤ 100 ግራም መካከለኛ ክር 200 ሜትር ያህል ስለሚወጣው አንድ ቆብ ያለችግር ያስጨርሳል። ያለቀ ቆብ ይለበሳል፤ ተጀምሮ የቀረ የአልጋ ልብስ ግን ምንም ያህል በርካሽ ክር ቢሠራ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛው አመልካች ከወዲያ ጫፍ መጥቷል፦ «ወፍራም ቀላል ከሆነ፣ ነፋስ መውጫም 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ናትና በወፍራሞች ሁሉ ወፍራም እንጀምር» ይላል። አይሆንም። 12 ሚሊሜትር መሥሪያ እጅ ያዝላል፤ በቀለበቱ መካከል የሚተወው ክፍተትም የጉናን ነፋስ እንግዳ አድርጎ ያስገባል። ሙቀት የሚይዘው በክሩ ውስጥ የታሰረው አየር ነው፤ እሱን ለማሰር መካከለኛውን ክር በትንሹ ቀጠን ባለ መሥሪያ ጠበቅ አድርጎ መሥራት ይበጃል። ወደ ሸለቆው ለሚወርድ የቆላ ሰው ደግሞ ያንኑ ክር በሰፋ መሥሪያ አላልቶ መሥራት ይቻላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ሁለት ቀጭን ክር ደርበው የመጡም አሉ። መንገዱ የተፈቀደ ነው፤ ሂሳቡ ግን ይታረም። ሁለት ክር ሲደረብ ውፍረቱ እጥፍ አይሆንም፤ የአንዱን 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ይሆናል። እጥፍ ውፍረት የሚፈልግ አራት ይደርብ።

ከሥራው በፊትም ሁሉም ሰው ከ10 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ የሙከራ ቁራጭ ሠርቶ መካከሉን ይቁጠር። ጊዜ ማባከን ነው ለሚለው መልሳችን ይህ ነው፦ በ10 ሳንቲሜትር 18 ቀለበት ተብሎ ለ100 ሳንቲሜትር ዙሪያ 180 ቀለበት የጀመረ ሰው እጁ ላልቶ 16 ብቻ ቢወጣው፣ ሹራቡ 112.5 ሳንቲሜትር ይሆንና ከጎረቤት ጋር ይለበሳል። እጁ የላላበት መሥሪያውን ያቅጥን፤ የጠበቀበት ያወፍር፤ እጁን ግን አይቆጣ።

ይህን አዋጅ የተላለፈ ጀማሪ በዳንቴል ክር የጀመረውን ፈትቶ እንደገና እንዲጠቀልል ይፈረድበታል፤ ቀጭኑን ክር የሰጠው መካሪም ኳሱን ይዞለት ይቀመጣል። አዋጁ ከመጪው የገበያ ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ክር የምትገዛ ሁሉ ማስመሪያ ይዘህ ውጣ።