ደሞዝህ ልምድ ነው

የአዲስ አበባ ዲዛይን ቤቶች ለአገር የዋሉት ውለታ በቅጡ አልተነገረላቸውም። የኮሌጁን የድጋፍ ደብዳቤ በፕላስቲክ ክላሰር ይዞ ከፒያሳ እስከ ቦሌ የልምምድ ቦታ ፍለጋ የሕንፃ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የሚውለውን ተማሪ ከእነሱ ሌላ ማን ያስጠጋዋል? የሚጠይቁትም ጥቂት ነው፤ የራሱ ላፕቶፕ ይኑረው፣ ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር አቀላጥፎ ይወቅ፣ ቪዲዮ ቢያቀናብርም አይጠላም፣ ደግሞ “በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል” ይሁን። ይህን ሁሉ የሚችል ልጅ ምን ሊማር ነው የሚመጣው የሚል አይጠፋም። ነገር ፈላጊ ነው፤ እለፉት።

ትምህርቱ ማኪያቶ በማዘዝና ባነር ከማተሚያ ቤት ተሸክሞ በማምጣት ይጀምራል፤ የታክሲው ከራሱ ኪስ። ቀጥሎ ከፍ ያለው ይመጣል። ደንበኛ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ብሮሸር ይልካል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት አማርኛው ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ውጥንቅጥ ሆኖ ቁጭ ይላል። “ለልጁ ስጡት፣ ይልመድበት” ይባላል። ልጁም ከታተመው ቅጂ እያየ በኒያላ ፎንት ከአንድ እስከ መጨረሻው ገጽ እንደ አዲስ ይተይባል። አራት ኪሎ ያሉ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች በገጽ የሚያስከፍሉበትን ሥራ እሱ በነጻ ተማረ፤ ይህ ዕድል ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ደንበኛው ይደውላል። “ሎጎው ትንሽ ከፍ ይበል፣ ቀዩ ደግሞ ይፍካ።” ነባሮቹ ወጥተዋል፣ ልጁ አለ። ቀዩን ያፈካዋል። በማግሥቱ ባነሩ ሲታተም ግን ያ ቀይ የረጋ ደም መስሎ ይወጣል፤ ፋይሉ በአርጂቢ ተሠርቶ ማሽኑ የሚያትመው በሲኤምዋይኬ ነውና። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት ነበር፤ የነገረው የለም። ደሞዝ ከሌለው ሰው ኪሳራ መቁረጥ ስለማይቻል በቁጣ ብቻ ያልፉታል። ቸርነት ይሉሃል ይህ ነው።

ክፍያ የሚያነሣ ቢኖር መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ “እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን።” እውነት ነው፣ ልጅ ለአባቱ ሲላላክ ሒሳብ አይጠይቅም። ቤተሰብነቱ ግን ውርስ ላይ ሳይደርስ በሦስተኛው ወር ያበቃል፤ ሌላ ልጅ ይወለዳል፣ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ። የትራንስፖርት ብር የሚሰጡ፣ ተለማማጁን ጎናቸው አስቀምጠው የሚያስተምሩ ቤቶች አሉ ይባላል። የሙያውን ስም የሚያጠፉት እነሱ ናቸው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ልምምድ ውል ሲናገር ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውም ይገለጽበት ይላል። ሕግ አውጪው ዲዛይን ቤት ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። የኮሌጁ መምህርም አንድ ቀን ብቅ ብለው፣ ሎግ ቡኩን አገላብጠው፣ “በጣም ጥሩ” የሚለው ላይ ራይት አድርገው ይሄዳሉ።

የውለታው ማሳረጊያ ልጁ ከተመረቀ በኋላ ነው። ያው ቤት ማስታወቂያ ያወጣል፦ “ግራፊክ ዲዛይነር፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት፣ ከምረቃ በኋላ የተገኘ።” ልጁ ማኅተም ያረፈበትን ምስክር ወረቀት ይዞ ይቀርባል። ጸሐፊዋ አየት አድርጋ “ይሄ እኮ አፓረንት የወጣህበት ነው፣ አይያዝም” ትለዋለች። ፊርማው የአለቃዋ፣ ማኅተሙ እሷው መሳቢያ ውስጥ ያለው ነው። ብሔራዊ ባንክ ራሱ ያወጣውን ብር አልቀበልም እንዳለ ቁጠሩት።

እኔ ግን አሠራሩ ይስፋፋ ባይ ነኝ። ልምድ ደሞዝ ከሆነ ኪራይ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የሕንፃው ባለቤት በወሩ መጨረሻ ሲመጡ “ጋሼ፣ ስመ ጥር ዲዛይን ቤት የማከራየት ልምድ አግኝተዋል፤ ሲቪዎ ላይ ያስገቡት” ይባሉ። ለቴሌና ለመብራት ኃይል ፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ታግ ብታደርጓቸው ይበቃል። ገቢዎች የመጣ ዕለት የሚባለውን ግን እናንተው አስቡበት፤ እኔ በዚያ በኩል ልምድ የለኝም።