ኮፈንና ከፈን

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የእድራችን ዳኛ፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ንፍሮውን ለአፍታ ያዝ አድርጋችሁ አድምጡኝ። የሟችን አጭር የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የተመረጥኩት አንደበቴ ስለሚጥም አይደለም። በዚህ ድንኳን ውስጥ ካለነው መካከል ሟችን በገዛ እጁ የነዳ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው፤ እሱም አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ።

ሟች ላንቻ ስትራቶስ ይባላሉ። ስማቸው ለእኛ ባዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ «ላንቻ» ብላችሁ ታክሲ ብትሳፈሩ ረዳቱ ሒሳብ ተቀብሎ ሰፈሩ ላይ ያወርዳችኋል። እኚህኛው ግን የቶሪኖው ላንቻ ናቸው።

ከአባታቸው ከላንቻ ፋብሪካ፣ ከእናታቸው ከቦዲ ሠሪው ከበርቶኔ ቤት ተወለዱ። ፅንሱ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሪኖ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ያን ጊዜ ቁመታቸው 84 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ዳዴ ጨርሶ መሮጥ የጀመረ ሕፃን ይስተካከላቸዋል። በር አልነበራቸውም፤ ነጂው የፊት መስታወቱን ከፍቶ እንደ ሌባ በመስኮት ይገባባቸዋል። እንደሚተረከው ኑቺዮ በርቶኔ ለላንቻ ሰዎች ሊያሳያቸው ሲነዳቸው፣ ዘበኛው የበሩን ማገጃ እስኪያነሳለት አልጠበቀም፤ በሥሩ ሾልኮ ገባ። ሟች ወረፋ መጠበቅ የማያውቁት ከዚያ ጀምሮ ነው።

አካላቸውን የነደፈው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው፤ ላምቦርጊኒ ሚዩራን የነደፈው እጅ። ልባቸው ግን የልመና ነው። ከፌራሪ ቤት የመጣ፣ ባለስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ «ዲኖ» የሚባል ሞተር። ዲኖ የኤንዞ ፌራሪ ልጅ ነበር፤ በ1956 በ24 ዓመቱ ሞተ፤ ስሙ ለሞተሩ ተረፈ። እንግዲህ ሟች ገና ሲወለዱ በጀርባቸው የሰው ቤት ሐዘን አዝለው ነበር።

«ለምን ተወለዱ?» ለሚል ሰው፣ ወላጆቻቸው ልጅ ናፍቀው አይደለም፤ ደንብ አስገድዷቸው ነው። የላንቻ የውድድር ክፍል ኃላፊ ቼዛሬ ፊዮሪዮ ከገበያ ተወስዶ የተጠናከረ ሳይሆን ከመጀመሪያው ለራሊ ብቻ ተብሎ የተፈጠረ መኪና ፈለገ። የዓለም አቀፉ ውድድር ደንብ ደግሞ «እንዲህ ያለ መኪና ልታሰልፍ ከፈለግህ አስቀድመህ 500 ሠርተህ አሳይ» ይል ነበር፤ ኋላ ቁጥሩ ወደ 400 ዝቅ አለ። ስለዚህ ለበረዶና ለኮረኮንች የተወለደ አውሬ፣ ወረቀት ለማሟላት ሲባል፣ ሰሌዳ ተለጥፎለት ለሐኪምና ለጠበቃ ተሸጠ። እስከ መጨረሻው የተሠሩት 492 ናቸው ይባላል። እኔ በዕድሜዬ ደንብ ነፍስ ሲገድል እንጂ ነፍስ ሲዘራ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

በአገልግሎት ዘመናቸው በ1974፣ በ1975 እና በ1976 የዓለም ራሊ ሻምፒዮናን ለላንቻ አስገኝተዋል። ነጂው ሳንድሮ ሙናሪ ከ1975 እስከ 1977 በተከታታይ የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈው በእሳቸው ነው። በሟች ላይ ክፉ አይነገርም የሚል ወግ አለን፤ ነገር ግን አንዱን ሳልናገር ብወርድ እዚህ ያሉ የፔጆ ወዳጆች ይታዘቡኛል። በ1975ቱ የኬንያ ሳፋሪ ራሊ ሟች ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ። አንደኛ የሆነው ፔጆ 504 ነው። አዎን፣ ያው አባቶቻችን የሚያውቁት ፔጆ። ሟች ሳፋሪን አንድ ጊዜም ሳያሸንፉ አለፉ፤ የኬንያ አቧራ መልክ አይቶ አያዳላም።

ከሥራ የገፏቸው ግን ባዕዳን አይደሉም። ላንቻን በ1969 የጠቀለለው ፊያት «131» የተባለውን የራሱን መኪና መሸጥ ነበረበት፤ በ1977 የውድድሩ ገንዘብና ትኩረት ወደ እሱ ዞረ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው 131 ሲያሸንፍ አይቶ በማግስቱ 131 ሊገዛ ይችላል፤ ሟች ሲያሸንፉ ግን አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይገባል። ለመንገድ የተሠሩት ወንድሞቻቸውም ሻጭ ቤት ገዢ አጥተው አቧራ ጠጡ። ያም ሆኖ ፈረንሳዊው በርናር ዳርኒሽ እኚህን ጡረተኛ ይዞ በ1979 ሞንቴ ካርሎን በ6 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ፤ በ1981 ደግሞ ኮርሲካን ደገመ። ጡረተኛ እንዲህ ሲያደርግ መሥሪያ ቤት አያፍርም ትላላችሁ?

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተው። አብረውት ያላባቸውን ሰው አንቱ ማለት ያስቸግራል።

እኔ መኪና መጠገን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቶሪኖ ገብቼ አሮጌ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ስቀጠር ጣሊያንኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አለቃዬ አዘነልኝና የመኪናውን ብልት እየነካ ስሙን ያስተምረኝ ጀመር። «ፍሪዚዮኔ» ሲል «ፍሪሲዮን» አልኩት። «ፍሬኖ» ሲል «ፍሬን»። «ስፔኪዮ» ሲል «ስፖኪዮ»። «ካምቢዮ»፣ «ማርሚታ»፣ «ካንዴላ» ሲል ከአፉ ነጥቄ ቀደምኩት።

«ጣሊያንኛ አልችልም አላልከኝም እንዴ?» አለ።

«አልችልም፤ ይሄ አማርኛ ነው» አልኩት።

መጨረሻ ላይ ሞተር የሚሸፍነውን ክዳን መታ መታ አድርጎ «ኮፋኖ» አለ። «ኮፈን» አልኩና፣ በእኛ ቋንቋ አንዲት ፊደል ብታመልጥህ ከፈን ይሆናል፣ የሬሳ መጠቅለያ፣ ብዬ በእጅም በአፍም አስረዳሁት። ሳቅን። ነገሩ ትንቢት መሆኑን ያን ቀን አላወቅንም።

ከደንበኞቻችን አንዱ ጡረተኛ ሐኪም ነበሩ። ስትራቶሱን በወጣትነታቸው ገዝተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ነድተውታል። ዳሌያቸውን ከተቀየሩ በኋላ ግን ከመሬት 1.11 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ መኪና ውስጥ ታጥፎ ፍሪሲዮን መርገጥ አቃታቸው። አንድ እሑድ ጠዋት ግቢያቸው አስጠርተው ቁልፉን ዘረጉልኝ።

«አንተ ትነዳለህ፤ እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።»

«ዶቶሬ፣ እርስዎ እንዴት ይገባሉ?»

«መግባቱን ለእኔ ተወው። አንተ የሚያወጣኝን ሰው አስብ።»

ውስጡ ሳሎን አይደለም። የፊት መስታወቱ እንደ ሄልሜት መስታወት ክብ ሆኖ ፊትን ይዞራል። ወደ ፊት ያለው እይታ የንጉሥ ነው፤ ወደ ኋላ ያለው የእስረኛ ነው፤ በስፖኪዮ የሚታየኝ የኋላውን መስታወት የጋረደው ጥቁር ርብራብ ብቻ ነበር። የጎን መስታወቱ የሚዞር እጀታ የለውም፤ አንዲት እንቡጥ ብሎን ስታላላ ወደ ታች ይንሸራተታል። ፔዳሎቹ ወደ መሀል ስለሸሹ ወገብህ ወደ መሪው፣ እግርህ ወደ ጎረቤትህ ይሄዳል። በየበሩ ላይ ሕፃን የሚያስተኛ የሚያህል ጎድጓዳ ኪስ አለ፤ የውድድር ሄልሜት ማስቀመጫ ነው። ሞተሩ ከእነ ሦስት ዌበር ካርቡራተሩ ከጀርባዬ ነው፤ አስነስቼው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሸሚዜ ከመቀመጫው ተጣበቀ። የቤንዚኑ ሽታ ከነጂው ጋር አብሮ የሚሳፈር ሦስተኛ ሰው ነው።

ከሳሲ ወደ ሱፐርጋ የሚያወጣውን ዳገት ያዝን። ድሮ የዳገት ውድድር ይደረግበት የነበረ መንገድ ነው። አናቱ ላይ የሳቮይ ነገሥታት መቃብር ያለበት ባዚሊካ ቆሟል፤ በ1949 የቶሪኖን የእግር ኳስ ቡድን ጭኖ ይመለስ የነበረው አውሮፕላን የተከሰከሰውም እዚያው ነው። የዝክር መንገድ ምረጥ ብባል ከዚህ ሌላ አልመርጥም።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፈራሁና እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። በሌላ መኪና ይሄ ጥንቃቄ ይባላል። ስትራቶስ ግን ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው ያለው 2.18 ሜትር ብቻ ነው፤ ከቮልስ እንኳ ያጥራል፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ያደላል። እግሬ ሲነሳ ጭራው ከእኔ ቀድሞ የሚያየው ነገር ያለ ይመስል ወደ ውጭ ሸተት አለ። መሪውን መለስኩ፤ እሱም ተመለሰ። ዶቶሬ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ንስሐ ከመታጠፊያው በፊት ነው። ከገቡ በኋላ አይጸጸቱም።»

የሚቀጥለው ላይ ፍሬኑን በቀጥታው መንገድ ጨረስኩ፤ ማርሹን አወረድኩ፤ ገባሁ፤ ነዳጁን ረግጬ ጸናሁ። የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ነክሰው ያዙ፤ አፍንጫው ራሱን ወደ ዳገቱ አዞረ፤ ከጀርባዬ ያ የሟች ልጅ ስም ያለው ሞተር ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን እየሳበ መዘመር ጀመረ። ዶቶሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የፍጥነት መለኪያውን አንዴ ብቻ ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ 70 አልሞላም። ቶን የማይሞላ ክብደት በ190 የፈረስ ጉልበት የሚገፋ፣ 230 የሚሮጥ መኪና፣ በ70 ልቤን አፌ ውስጥ ከከተተው ደስታው ከፍጥነት ጋር ጉዳይ የለውም ማለት ነው። ደስታው መንገዱ በመዳፍህ ሲነገርህ ነው፤ ጠጠሯ፣ ስንጥቋ፣ ከዛፍ ሥር ያልደረቀችው እርጥበት፣ ሁሉም በስም ይጠሩልሃል።

ስንወርድ ከአንድ ብስክሌተኛ ኋላ በዝግታ ተከተልን። ሰፈር ስንደርስ ዶቶሬ ዳቦ ቤቱ ጋ አስቆሙኝ። ሁለት ትኩስ ዳቦ ገዛሁ፤ በበሩ ኪስ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። «ሄልሜት ኖሮኝ አያውቅም፤ ዳቦ ግን ሁልጊዜ» አሉ። ከመኪናው ለማውጣት ሁለት ሰው ፈጀን።

አሁን ወደ ሞቱ ልምጣ። ዶቶሬ ካረፉ በኋላ ወራሾቻቸው መኪናውን ለሰብሳቢ ሸጡት። ሟች ባደረበት የዋጋ መወደድ ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ጨረታዎች ሲረዳ ቆይቶ፣ ገዢ አጥቶ አቧራ ይጠጣ የነበረው መኪና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ባወጣበት በዚያው ሰሞን ከመንገድ ተለየ። የወለደው ደንብም ቀድሞታል። ከ1982 ጀምሮ «ግሩፕ ቢ» የተባለው ደንብ 200 መኪና ብቻ ጠይቆ የባሱ አውሬዎችን ለመንገድ ወለደ። በ1986 ተወዳዳሪዎቹ ሄንሪ ቶይቮነንና ሰርጂዮ ክሬስቶ ኮርሲካ ላይ በውድድር ሲሞቱ ግን ያ በር እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ያ እውነተኛ ሐዘን ነው፣ ፌዝ የለበትም። ከ1997 ወዲህ ደግሞ በዋናው ውድድር ከተራ የገበያ መኪና ተነስቶ ለውድድር ብቻ መሥራት ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ሐኪምና ጠበቃ በግድ አውሬ የሚሸጥላቸው አጡ።

ልብ በሉልኝ፤ ሬሳ የለንም። አካሉ ከተወለደበት ቀን ይልቅ ዛሬ ያምራል። ሙቀቱ የማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ቆሟል፤ ባትሪው እንደ ታማሚ ገመድ ተሰክቶለታል፤ ከላይ በልኩ የተሰፋ ለስላሳ ጨርቅ ለብሷል። ኮፈኑ ሳይከፈት ከፈን ለበሰ። ባለቤቱን ክፉ ሰው አልለውም፤ የሚነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከዋጋው ላይ ይቀነሳል፤ ማን በገዛ እጁ ገንዘቡን ይነዳል? የሞተው መኪናው አይደለም፤ መነዳቱ ነው። የገደለውም ጥላቻ ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ያውም ቁጥር የሚያሰላ ፍቅር።

እናንተ ለቀስተኞች፣ ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ መኪና ቁልፍ በመሳቢያው ያለ ካለ፣ ከሰልስቱ በፊት ይንዳው። ራሊ አይግባ፣ ዳገትም አይምረጥ፤ እሑድ ዳቦ ቤት ደርሶ ይመለስ፣ ይበቃል። ስትራቶስ የሌለን ደግሞ ሁላችንም ለእንግዳ ብለን ያልጠጣንበት ስኒ፣ ለበዓል ብለን ያልለበስነው ልብስ አለን፤ እሱንም ዛሬ እናውጣው።

መኪናው በየዓመቱ በተጎታች ተጭኖ ለዘይት ቅያሪ ወደ ጋራዣችን ይመጣል። ሰብሳቢው የተረከበው ቀን ካርዱ ላይ የጻፍኩት 61,482 ኪሎ ሜትር ነው። ባለፈው ሳምንት ቆጣሪውን አየሁት፤ 61,482 ይላል። የበሩን ኪስ ዳበስኩ፤ የዳቦ ፍርፋሪ የለም፣ በቫኩም ተጠርጓል። ከሥሩ ገብቼ ዘይቱን አወጣሁት። አምና ካስገባሁት አይለይም።