200 ሜጋፒክስል እና አማቴ

ስልክ የሚገመግሙ ሰዎች "ጥሩ ጎኑ"፣ "መጥፎ ጎኑ" ብለው ገጹን ለሁለት ይከፍሉታል። እኔ እጅ የገባው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ ግን እንዲህ አልከፈል ብሎኛል። ጥሩ ስልክ ጥሩነቱ ለዘመድ ነው፤ ጣጣው ለባለቤቱ።

የመጣልኝ ከሜሪላንድ ነው። የባለቤቴ ወንድም በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ኤስ24 አልትራ ሲወጣ እሱን ገዛና፣ ዓመት ያህል የያዘውን ከነካርቶኑ በመንገደኛ ላከልኝ። ካርቶኑ ሲከፈት ቤተሰቡ ዙሪያዬን ቆሟል። ቻርጀር የለም። ኩባንያው ከ2021ዱ ኤስ21 ጀምሮ ለአካባቢ ጥበቃ ብሎ አስቀርቶታል። ያለው ገመድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ። እኛ ቤት ያለው የቻርጀር ራስ ሁሉ ደግሞ የድሮው ሰፊ ቀዳዳ ነው። ገበያ ላይ ሲወጣ 1,200 ዶላር ገደማ የተጠራበት ስልክ አዲስ አበባ የገባበትን ሌሊት ጾሙን አደረ።

በማግስቱ የሲም ነገር መጣ። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ እንደ ብዙ ሰው እኔም ሁለት ሲም ነው የምይዘው። ለሌላው ዓለም የሚላከው ኤስ23 አልትራ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ግን ቀዳዳው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ኢሲም ነው። ሚሞሪ ካርድም አይገባበትም፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የለውም። ስለዚህ አሮጌዋ ባለ ቁልፍ ስልኬ ጡረታዋ ተሰርዞ ወደ ሥራ ተመለሰች። እሷ በግራ ኪስ፣ እሱ በቀኝ። የእሱ ክብደት 234 ግራም ነው፤ ከሩብ ኪሎ ቡና ቢያንስ በጥቂት ነው፣ ካቨር ሲለብስማ ሩቡንም ያልፋል። ኮቴ በአንድ ጎኑ ዘመመ። መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ ሲጠራ የማወጣው አሮጌዋን ነው። ሌባ እሷን ከፈለገ ይቅናው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ልክደው አልችልም። 6.8 ኢንች ስክሪኑ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ይነበባል። ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ መብራት ሄዶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚገርመው ሩቁን 10 እጥፍ የሚያቀርበው ሌንስ ነው። ሳምሰንግ በተተኪው ላይ ወደ 5 እጥፍ አውርዶታል፤ በእኔ ግምት አማቴን አላማከሩም። አማቴ የዚህን ሌንስ ጥቅም ከእኔ ቀድመው ነው የተረዱት። ሰፈር ውስጥ ድንኳን በተጣለ ቁጥር በረንዳ ላይ ይጠሩኝና "እስቲ ያንን ነገርህን አምጣው፣ ማን ማን እንደመጣ እንይ" ይላሉ። ለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት ሁሉ ተመዝግቦ እሳቸው ዘንድ ይገኛል።

ጥር ላይ ለባለቤቴ የአጎት ልጅ ሰርግ ደብረ ብርሃን ወረድን። ወረድን ይባላል እንጂ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ አገር ነው፤ የጥር ብርዱ አጥንት ይገባል። በዋዜማው ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጨረቃ ወጥታለች። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው "ይሄ ስልክህ ጨረቃን ያቀርባል ይላሉ፣ እውነት ነው?" አሉኝ። 100 እጥፍ አድርጌ አነሳሁላቸው። ጠባሳዋ ሳይቀር ቁልጭ ብላ ወጣች። ሽማግሌው ስክሪኑን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን አዩ።

"ልጄ፣ አሁን ይሄ አይቷት ነው ያነሳት ወይስ ከድሮም ያውቃታል?"

በዚህ ጥያቄ በፈረንጆቹ መጋቢት 2023 ዓለም በሙሉ ሲነታረክ ነበር። አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ አድርጎ በሳምሰንግ ስልክ ቢያነሳው፣ በምስሉ ላይ ያልነበረ ጉድጓድ ሁሉ ተስሎ ወጣለት። ሳምሰንግም ስልኩ ጨረቃ መሆኗን ለይቶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዝርዝሯን እንደሚያጎላ አስረዳ። ሽማግሌው ይህን አላነበቡም። ያነበብኩት እኔ ዝም ብዬ ሳደንቅ ነበር።

የሰርጉ ዕለት የተቀጠረው ቪዲዮ ቀራጭ ሙሽሮቹን ይዞ መናፈሻ ሄደ። ድንኳን ውስጥ የቀረው ሕዝብ በእኔ ላይ ወደቀ። "ያንተ ጥሩ ነው፣ በሱ አንሳን።" አንዱን ጠረጴዛ አንስቼ ሳልጨርስ ሌላው ይጠራል። ሁሉም የካሜራውን 200 ሜጋፒክስል ሰምተዋል፤ ካለ 200 አንነሳም ይላሉ። ስልኩ ካልተገደደ በቀር 16 ነጥብ እያዋሃደ በ12 ሜጋፒክስል ነው የሚያነሳው፤ ድንኳን ውስጥ ላለ ደብዛዛ ብርሃን ደግሞ ይኸኛው ይሻላል። ይህን ለአንድ አጎት ባስረዳቸው "ሰሰትክብን" ብለው አኮረፉ። በ200 አነሳኋቸው። ያንን የሚያህል ፎቶ ከዚያው ከወንበራቸው ሳይነሱ በቴሌግራም አስላኩኝ፤ ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፋይል ካልላኩት ጨምቆ ያሳንሰዋል። አጎት የደረሳቸውን ከፍተው "እንዴ፣ ከልጄ ስልክ በምን ተሻለ?" አሉ። በዚህ መሀል ቁርጡ አልቋል።

መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ስልኩ ሆድ ውስጥ ኤስ ፔን የሚባል ብዕር አለ፤ ካሜራው ተከፍቶ የብዕሩን ቁልፍ ሲጫኑት ከሩቅ ያነሳል። ስልኩን ከቢራ ሳጥን ጋር አስደግፌ ወደ ትልልቆቹ ጠረጴዛ አዞርኩትና እኔም ከመሀላቸው ተቀመጥኩ። አንዴ ተነሳን። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

አንድ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ ብዕሩን ወስዶ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ኖሯል። ቁልፉን ሲጫን አንድ ነገር ቀጭ እንደሚል ደርሶበታል። አንዴ ሲጫነው ጠረጴዛው ይነሳል። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ሲጫነው ወደ ፊት ካሜራ ስለሚዞር ከዚያ ወዲያ የሚነሳው የቢራው ሳጥን ነው። ማታ ስከፍተው ጨለማና የሳጥን ጎን፣ ጨለማና የሳጥን ጎን፤ በመካከሉ ግን በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጡ ፎቶዎች። ማንም አልተዘጋጀም፣ ማንም አልተኮፈሰም። ያኮረፉት አጎት አፋቸውን ከፍተው ጉርሻ ይጠብቃሉ። አማቴ ደግሞ በግራ እጃቸው ጥቁር ፌስታል ከጠረጴዛው ጠርዝ ከፍ አድርገው ይዘው፣ በቀኛቸው ጥብስ ይጨምሩበታል። ዓይናቸው ጨፈን፣ ከንፈራቸው በትንሹ ከፈት ብሏል። ሲያቀርቡት የሽንኩርቱ ስስ ልጣጭ ሳይቀር ይታያል።

"አጥፋው!" አሉ አማቴ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አዩት። ነጠላቸው አምሯል፤ ሹሩባው ለዚያ ቀን የተሠራ ነው። "ቆይ፣ ፌስታሉን ብቻ ማጥፋት አይቻልም?"

ይቻላል። ስልኩ ነገር ማጥፊያ አለው፤ በጣት የከበቡትን ያጠፋና ቦታውን በዙሪያው ባለው ይሞላዋል። ፌስታሉን ከበብኩት፤ ሄደ። ጥብሱንም ከበብኩት። የጠረጴዛው ልብስ አበባ እንደ ቀድሞው ተዘረጋበት። ሁለቱ እጃቸው ግን አየር ላይ ቀሩ፤ መዳፋቸው ወደ ታች፣ ጣታቸው ላላ ብሎ።

ፎቶው አሁን ታትሞ በፍሬም ሳሎናቸው ተሰቅሏል። የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ፊቱ ቆም ይላል።

"ሙሽሮቹን ሲመርቁ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ስመርቅ ነው" ይላሉ አማቴ፣ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ።